ባዶው ቤት መለሰልኝ

ታሜ የኔ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ ካለህበት ቦታ የሚያስከፋህ ነገር እንደሌለ አምናለሁ። ይልቅ አንተ እኔን እንዴት ነሽ በለኝ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሻይ ሳፈላ ለሁለት ሰው እያፈላሁ ያንተንም ራሴ እጠጣዋለሁ። እንቅልፍ እምቢ ያለኝ በሐዘን ብቻ እንዳይመስልህ።

እህት አስቴር ይህን ስጽፍ ብታየኝ ጉዴ ይፈላ ነበር። የሞተ ሰው አይሰማም፣ ለሙታን መናገር በቃሉ የተከለከለ ነው ትላለች፤ እኔም እንደሷ ነው የማምነው። ግን ምን ላድርግ? የደረሰብኝ ነገር ካንተ በቀር አሳምሮ የሚገባው ሰው የለም። እሷ ትቆጣ፣ እኔ እጽፋለሁ።

የቤቱን ልንገርህ። ሰፈራችን መዝሩዒያ እንደተውካት ናት። እኛም በዚያው በአሮጌው ግቢ አለን፤ እኔ በኛ ክፍል፣ እህት አስቴር በጓዳዋ፣ ሁለቱ የአርሲ ልጆች ከኩሽናው ጎን፣ ጀማልና ወንድሙ በውጪው ክፍል። ልጆቹ ራካ ሰፈር እየሄዱ ሰው ቤት ያጸዳሉ። ጀማል አሁንም መኪና ያጥባል፣ አሁንም ያሾፋል። ኢቃማ የሚሉት መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ዛሬም ከመካከላችን የለም። አርብ አርብ መስኮቱ ላይ ፍራሽ አስደግፈን በሹክሹክታ እንዘምራለን፤ አንተ ከሌለህ ወዲህ ዜማው ተስተካክሏል፣ እኔ ግን ያንን የሚሳሳት ድምፅ ነው የምፈልገው። የኩሽናችን ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። የደማምን ሰው ቧንቧ ሁሉ ስትጠግን ኖረህ የራስህን ነገ፣ ነገ እያልክ ትተኸው ሄድክ። ይህን ሳልናገር ብቀር ያንቀኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከጥቂት ቀናት በፊት ከባድ አውሎ ነፋስ መጣብን።

ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ሰማዩ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ በርበሬ ቀላ፤ በቀን መብራት አበራን። ወዲያው የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። መደወል አይደለም፣ ጩኸት ነው፤ መንግሥት የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሲልክ እንዴት እንደሚያስጮኸው ታውቃለህ። ድምፅ እንዳይሰማብን ስንጠነቀቅ በኖርንበት ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ስልክ እኩል ሲጮኽ አስበው። እህት አስቴር የሷን ትራስ ስር ከታ ተቀመጠችበት።

ጀማል ጣሪያ ላይ ወጥቶ አይቶ፣ በራካ በኩል አቧራው ተጠምዝዞ ቆሞ እየዞረ ይሄዳል አለን። ሲነግረን አላሾፈም፤ እኔ የፈራሁት ያኔ ነው። ነፋሱ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ አቃሰተ። በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከላይ አንድ ትልቅ ነገር ሲንከባለልና የሆነ ቦታ ሲወድቅ ሰማን። ዝናቡ ወረደ፣ መብራት ጠፋ። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ የመጣው ዝምታ ግን ከነፋሱ ባሰብኝ። የሰፈሩ ኤሲ በሙሉ ቆሟል። ደማም ውስጥ ኤሲ የማይሰማበት ሰዓት አጋጥሞህ ያውቃል? እኔ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። የራሴን ደም በጆሮዬ ሰማሁት።

በዚያ መሃል የውጪው በር ተንኳኳ። በመዳፍ ነው የሚመታው። አንድ ሰው በዐረብኛ፣ ሰው አለ ወይ፣ እያለ ይጣራል። እኛ ምን እንደምናደርግ ታውቀዋለህ። ጫማዎቻችን ወትሮም ውስጥ ናቸው። ከአርሲ ልጆች አንዷ የድስት ክዳን ይዛ ነበር፣ እንደያዘችው ደርቃ ቀረች። ሰውየው እጀታውን ነቀነቀ፣ ትንሽ ቆየ፣ እንደገና ተጣራ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው በር ሄደ። ሁላችንም ውስጥ ተቀምጠን ቤቱን ባዶ አስመስለን አሳለፍነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነበር አንተ የምትነሳው። ነፋስ ወይ ዝናብ ባለፈ ቁጥር መፍቻህን ይዘህ ጣሪያ ትወጣለህ። የሰፈሩ ጣሪያ የተያያዘ ነው፤ ካንዱ ወዳንዱ እየተሻገርክ፣ የኛ ሰዎች ያሉበት ቤት ስትደርስ ከታንከሩ ወደ ታች የሚወርደውን የውሃ ቱቦ ሁለቴ ትመታለህ። ታች ያለው ሰው በማንኪያ ሁለቴ ይመልስልሃል። ደህና ነን ማለት ነው። ካልመለሰ ትወርዳለህ። በር የሚያንኳኳ ሰው ፖሊስ ሊሆን ይችላል፣ ቱቦ የሚመታ ፖሊስ ግን የለም ትል ነበር። የቧንቧ ሠራተኛ ካልሆነ ይህን ማን ያስባል! ካንተ በኋላ ግን ጣሪያ የወጣ የለም። ዝናብም እምብዛም አልጣለም፤ ደግሞም ሁሉም ሌላው ይወጣል ብሎ ተቀምጧል መሰለኝ።

መፍቻህን አንስቼ ወጣሁ። ጀማል ልሂድልሽ አለኝ፣ እምቢ አልኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ እጀታው ላይ የጠመጠምከውን ጨርቅ ሌላ ሰው እንዲይዘው አልፈለግኩም።

ጣሪያው ላይ ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም፣ የመኪና ድምፅ የለም። የቆመው ውሃ ሁሉ ቀይ ነው። የዲሽ ሳህኖቹ ተጣጥፈዋል። የማን እንደሆነ የማይታወቅ አባያ ሽቦ ላይ ተሰቅሎ፣ ነፋስ ሳይኖር ቀስ እያለ ይዞራል፤ ሰው መስሎኝ ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝም። የመጀመሪያውን ቤት መታሁ፤ ቆይቶ ሁለቴ መለሰ። ሁለተኛውም መለሰ። ሦስተኛው ቤት ያሉት ልጆች እንደ ከበሮ ነው የደበደቡት። ደስ ብሏቸውም፣ ያንተ ምት መስሏቸው ደንግጠውም ሊሆን ይችላል። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ባዶው ቤት ደረስኩ። ባለቤቱ ሞተው ወራሾቹ ስለተካሰሱበት፣ ከማውቀው ጊዜ ጀምሮ በሩ ላይ ሰንሰለት ያለበት፣ ግቢው ከመንገዱ ዝቅ ያለው ቤት። አንተ ግን እሱንም ትመታው ነበር፤ መትተህም ጆሮህን ቱቦው ላይ ታስጠጋለህ። አንዴ አብሬህ ወጥቼ፣ ከጂኒ ጋር ነው ወይ ሰላምታህ ብዬ ስቄብሃለሁ። ልማድ ነው አልከኝ፣ አልሳቅክም።

እኔም ልማድህን ላክብርልህ ብዬ ሁለቴ መታሁ። ጆሮዬን እንኳ አላስጠጋሁም፣ ለመሄድ ዞሬ ነበር። ከታች ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ጣ፣ ጣ። መለሰልኝ።

ታሜ፣ አልዋሽህም፣ አንተ ነህ ብዬ ነው ያሰብኩት። አንዴ እንኳ ድምፁን ባሰማኝ ብዬ እየለመንኩ የከረምኩ ሴትዮ ወደ ቱቦው አልሄድኩም። መፍቻውን ጥዬ ሸሸሁ። በሕይወትህ ሳለህ አንድ ቀን ፈርቼህ አላውቅም፤ ያን ቀን ፈራሁህ።

እህት አስቴር ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ጠላት የሞተ ሰው መስሎ ይመጣል፣ በተለይ ያዘነ ሰው ሲያገኝ አለች። ጀማል ደግሞ ባዶ ቤት የጂን ነው፣ ድሮም ብያችሁ ነበር አለ። ሁለቱ በሃይማኖት ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ተያይዘን ጣሪያ ወጣን። እሷ በአንድ በኩል በኢየሱስ ስም ትገሥጻለች፣ እሱ በሌላ በኩል ቁርአን ይቀራል፣ ታች ደግሞ ጣ፣ ጣ፣ ጣ ይላል። በሹክሹክታ መጸለይ የለመድን ሰዎች ድምፃችን ቀስ በቀስ ከፍ አለ፣ ኋላማ ለይቶለት ጩኸት ሆነ። እህት አስቴር ተቃጠል፣ ተቃጠል እያለች እግሯን ትመታለች። ታች ያለውም ነገር ፈጠነ፣ እየፈጠነ መጣ፣ ከዚያ በአንዴ ቀጥ አለ።

ሃሌሉያ አለች። አልሐምዱሊላህ አለ። የማን ጸሎት እንዳባረረው እየተከራከሩ ወረድን።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ያ ዝምታ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ፣ የት ነው የማውቀው እያልኩ ስብሰለሰል፣ በተጋባን ሰሞን ኾባር ከተማ አንድ የዘበኛ ክፍል ውስጥ ተሸሽገን የነበርንበት ጊዜ መጣብኝ። እኔ እንደ ልማዴ ስጨቀጭቅህ በሩ ተንኳኳ፤ እጄን ይዘህ ትንፋሽሽን ዋጪ አልከኝ። ወሬዬን ከመሃሉ ቆረጥኩት። ልክ እንዲህ ነበር፤ ሳይቀንስ፣ ሳይርቅ፣ ባለበት ቀጥ። ሰይጣን ተገሥጾ ሲሄድ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሚተው እኔ አላውቅም። ይሄንን ግን አውቀዋለሁ። የኛ ዝምታ ነው። ቅድም በሩ ሲንኳኳ እኛው ራሳችን ያደረግነው ነው።

ለማንም ሳልናገር ወደ ባዶው ቤት ጣሪያ ተመለስኩ። በመታጠቢያ ቤቱ የአየር ቀዳዳ ላይ ተደፍቼ፣ በቻልኩት መጠን ድምፄን አለስልሼ፣ «ብርቱካን እባላለሁ። ጎረቤት ነኝ። ፖሊስ አይደለሁም፣ ማዳምም አልላከችኝም። ሰው ከሆንክ አንዴ ምታልኝ» አልኩ።

ከቀዳዳው የሚወጣው የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ብቻ ነው። ተነስቼ ልሄድ ስል፣ ከጨለማው ውስጥ የሴት ልጅ ድምፅ መጣ።

«እህቴ፣ ውሃው ወገቤን አልፏል።»

ጮኼ ጀማልን ጠራሁ። ነፋሱ ያንከባለለው ያ ትልቅ ነገር የጎረቤት ውሃ ታንከር ነበር ለካ፤ ባዶው ቤት ግቢ ውስጥ ወድቆ የክፍሏን የብረት በር ከውጭ ገጥሞ ዘግቶታል። ጀማልና ወንድሙ ከጣሪያው ዘለው ወርደው ገፉት፤ በወደቀበት ጎርፍ ገብቶ ሞልቶታልና ንቅንቅ አላለም። የመንገዱ ጎርፍ በሰንሰለቱ በር ስር እየገባ ግቢውን ይሞላዋል። ሰንሰለቱን የሚበጥስ፣ ታንከሩን የሚጎትት መኪና ያስፈልጋል፤ መኪና ያለው ደግሞ ኢቃማ ያለው ሰው ነው።

ጀማል ከታች ቀና ብሎ አየኝ። «ሰው ከጠራን ኸላስ፣ አለቀልን፣ ብርቱ» አለኝ። እውነቱን ነው። የስንት ሰው እንጀራ በዚያ በር መዘጋት ላይ ነው። የአርሲ ልጆች እናታቸውን የሚያሳክሙት እዚህ ስላሉ ነው። ወደ እህት አስቴር ዞርኩ፤ ጥላኝ ወደ ቤት ገባች። ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ነው ብዬ ተቀየምኳት። አባያዬን ይዛልኝ ተመለሰች።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ፊት ለፊታችን ያሉትን ሽማግሌ ሳዑዲ ታስታውሳቸዋለህ፣ አቡ ሳሌሕን፤ ማታ ማታ በራቸው ላይ ሲቀመጡ፣ በጓሮ በር ለመግባት አንገታችንን ደፍተን የምናልፋቸው። በጎርፉ ውስጥ ተሻግሬ የሳቸውን በር አንኳኳሁ። በዚህ አገር የሰው በር ሳንኳኳ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቡጢዬን የት ላይ እንደማሳርፍ እንኳ ጠፍቶኝ ነበር። የማውቀውን ዐረብኛ ሁሉ ሰባብሬ ልጅ አለች፣ ውሃ ውስጥ ናት አልኳቸው። እሳቸው ግን አስቀድመው ያዩት የወጣሁበትን በር ነው።

«እዚያ ቤት ሰው አለ?» አሉኝ።

ድምፃቸውን ለየሁት፤ ቅድም ያንኳኩት እሳቸው ነበሩ ታሜ። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚያንኳኩት እሳቸው ነበሩ። እኛ ትንፋሻችንን የዋጥነው፣ ደህና ናችሁ ወይ ለሚል ሰው ነው።

ልጆቻቸው በመኪና መጡ። ገመድ ታሰረ፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፣ ታንከሩ እየተንሸራተተ ወጣ። በሩ ሲከፈት ውሃው ደረቷ ደርሶ ነበር። ሰዓዳ ትባላለች፣ የከሚሴ ልጅ ናት። በየመን በኩል የመጣች፣ ኾባር የተቀጠረችበት ቤት ስለከፋባት ጠፍታ፣ ሰዋራ ቦታ ስትፈልግ በባዶው ቤት የጓሮ መስኮት የገባች። መኖሯን ከኛ አንድም ሰው አያውቅም ነበር። በእጇ የተነቀለ የቧንቧ እጀታ ጨብጣ ነበርና ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያስለቀቅናት። ስትጣራ ነበር፤ የኛ ጸሎት ድምፅዋን ውጦት ነው። ኋላ ተቃጠል ሲባል ስትሰማ ቤቱን ሊያነዱብኝ ነው ብላ ዝም አለች። እህት አስቴር ይህን ስትሰማ እግሯ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ልጅቷ ደንግጣ አብራ አለቀሰች። ጀማል እንኳ ያን ቀን አላሾፈም። በማግስቱ ጀመረ፤ አሁን እህት አስቴርን ባየ ቁጥር እሳቱ እንዴት ነው ይላታል።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፣ ልንገርህና ይውጣልኝ። የሦስተኛው ቤት ልጆች ቱቧቸው የተመታው ሁለት ጊዜ ነው ይላሉ። አንዴ እኔ ስመታ። አንዴ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በረዶው ገና እየወረደ። ሰዓዳ ትሆናለች አልኳቸው። የሷና የነሱ ቱቦ ግን አይገናኝም፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ከዚህ በላይ አላስብበትም።

የልጅቷን ዕቃ ላወጣላት በእጅ ባትሪ ወደዚያ ክፍል ገባሁ። ቀዩ ውሃ አሁንም ጉልበቴን ይዞታል። የመታጠቢያ ቤቱን ቱቦ አየሁት። ሰዓዳ የመታችበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብረቀርቃል። ከሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ግን ሌላ የተደበደበ ቦታ አለ፤ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ፣ የቆየ፣ የዛገ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርከኝ። ደማም በገባህ ሰሞን ታመህ ባዶ ቤት ውስጥ ተደብቀህ እንደከረምክ፣ የሰው እግር በጣሪያው ላይ ሲያልፍ እየሰማህ ቱቦውን ብትደበድብ ማንም እንዳልመለሰልህ። በኋላ በራስህ እየዳህክ ነው የወጣኸው። የት እንደሆነ አልጠየቅኩህም፤ አንተም ሁለተኛ አላነሳኸውም። ለካ ከቤታችን አራት ጣሪያ አልፎ ነው። በየዝናቡ ወጥተህ ጆሮህን የምታስጠጋው ያኔ እዚያ ውስጥ የነበርከውን ልጅ ፈልገህ ነው። እኔ ደግሞ ስቄብሃለሁ። ምነው ብትነግረኝ ታሜ! አብሬህ እመታ አልነበር? እዚያው ውሃው ውስጥ ቆሜ እጄን ጎድጎዳው ላይ አድርጌ አለቀስኩልህ። ስትሞት ካለቀስኩት ይህ ይበልጣል።

አቡ ሳሌሕ ያን ቀን ምንም አልጠየቁንም። ባለቤታቸው ብርድ ልብስና ሾርባ ላኩ። ብቻ እሳቸው ሲሄዱ እያንዳንዳችንን ፊታችንን አይተው ሄዱ፤ ያ አስተያየት ነው እንቅልፍ የነሳን። ሻንጣችንን አስረን በር ስር ደረደርን። ጀማልና ወንድሙ ሌላ ቦታ ማደር ጀመሩ፣ ኋላ ሰልችቷቸው ተመለሱ። የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር እንተያያለን። ማንም አልመጣም። ሰዓዳ ከኔ ጋር ናት፤ ባንተ በኩል ትተኛለች። መብራት አጥፍታ መተኛት አትችልም፣ እኔም አልጫናትም።

ትናንት ከሰዓት ነፋስ ተነሳ። ብዙ አይደለም፣ ዝናቡም ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ በመዳፍ። ሁላችንም ባለንበት ቀጥ አልን። ሰዓዳ እጄን ያዘችኝ። ጀማል ራሱን ነቀነቀብኝ፣ ተይ ማለቱ ነው። እኔም ልቀመጥ ነበር። የብረት በር ከውስጥ ሆነው ሲሰሙት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለህ። እጄን አስለቀቅኩና ሄጄ ከፈትኩት።

አቡ ሳሌሕ ናቸው። ደህና ናችሁ ወይ አሉኝ። ደህና ነን አልኳቸው። ከዚያ ስንት ናችሁ አሉ። ቤት ቢፈርስ ስንት ሰው እንደምንፈልግ ማወቅ አለብን አሉ። ያን ሁሉ ዓመት ይህን ጥያቄ ስንሸሽ አይደል የኖርነው? እኔ ግን ቀና ብዬ አየኋቸውና «ስምንት ነን» አልኳቸው። ስምንት፣ ስምንት እያሉ ከዘራቸውን ይዘው ተሻገሩ።

በሩን ስዘጋ ሰዓዳ፣ ሰባት አይደለን እንዴ አለችኝ። ቆጠርኩ። እውነቷን ነው፣ ሰባት ነን። አንተን ቆጥሬሃለሁ። ተከትያቸው ሄጄ ላርመው በሩ ላይ ደርሼ ነበር፣ ተመለስኩ።

አልረሳህም ብዬ ልምልልህ ነበር ወረቀት ያነሳሁት። አሁን ግን እኔ ብዘናጋ እንኳ የሚያስታውሰኝ ሰው አለ። ከእንግዲህ ነፋስ በተነሳ ቁጥር አቡ ሳሌሕ ያንኳኳሉ፣ ስምንታችሁም ደህና ናችሁ ይሉኛል። እኔም አዎ፣ ስምንታችንም ደህና ነን እላቸዋለሁ።

ብርቱካንህ